ውክልና

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአዌቱ ድልድይ በላይ፣
ጃንጥላዬን ተክዬ በጅማ ጭቃ ላይ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ ጻፍኩኝ፣
በሌላው ሰው ሙግት የራሴን ቤት ክዳን ለወጥኩኝ።
የኦሊቬቲዬ «ጸ» ወልቃ ከቀረች ወዲህ፣
ጽድቅን በእስክሪብቶ ነው የምሞላው፣ እንዲህ እንዲህ።

ረውዳ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ መጥታ፣
ላፕቶፗን በባለሦስት እግር ዱካዬ ላይ ዘርግታ፣
«ወኪል ይዤ መጣሁ» አለችኝ፣ «ለዚህ ሥራ።»
«ውክልናው የታል?» አልኳት፣ «ከነማኅተሙ፣ ከነአሻራ?»

«ሰው አይደለም፣ አጎቴ። ያነባል፣ ያስባል፣ ግን እጅ አልፈጠረበትም፤
ማዶ ያለው አገልግሎት ወረቀት ያወጣል፣ ማሰብ አያውቅበትም።
ሁለቱን ላገናኝ ነው።»
«በማን ሽምግልና?»
«በቁልፍ። ፊደልና ቁጥር የተሰለፈበት፣ ትርጉሙ መና፤
ለሰው አይነገርም፣ ለበር ነው የሚነገረው።»
ዝም አልኩ። እኔም እንዲህ ያለ ቃል አለኝ፤ ዘበኛው ነው የሚያውቀው።

ዘነበ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ።
ማዶ ያለው «አልተፈቀደም» እያለ ስንቴ ፈረደ፤
ልክ እንደ መዝገብ ቤት፤ ምክንያቱን አይናገር፣ ፊቱን አያሳይ።
ሌሊት አገኘችው። ከቁልፉ ጭራ ላይ
አንዲት ባዶ ቦታ ተለጥፋ ኖሯል፣ በዓይን የማትታይ።
እሷን ስትሰርዝ በሩ ተከፈተ።
ባዶ ነገር በር መዝጋቱ ግን ሲከነክነኝ አደረ።

ለሙከራ ብላ በስሜ ክስ አስጻፈች፤ ተከሳሹ ዝናብ፤
«ጉዳዩ፦ የአመልካችን ጃንጥላ ስለመሸንቆር» ይላል ሲነበብ።
ሳቅን። ሦስት ቅጂ፣ ገጹ የተቆጠረ፣ ኅዳጉ እኩል፤
እኔ በዚህ ፍጥነት ካርቦን እንኳ አላስገባም፣ እውነት ልበል።

ጠዋት ወይዘሮ ዘይቱና የጅሬንን ዳገት ወርዳ፣
ጫማዋን በድንጋይ ጠርጋ፣ ልክ እንደ እንግዳ፣
ተቀመጠች። ባሏ ሸምሱ ወርቅ ልቆፍር ብሎ ዲማ ከሄደ
ዘጠኝ ዓመቱ። ይዞታው በሱ ስም፤ ግብሩ በእሷ ትከሻ ከበደ።
ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ስታወራ
ወኪሉ ሰማት፤ ባዶውን ሁሉ ሞላ በተራ፦
የአመልካች ስም። ቀበሌ። የካርታ ቁጥር። የጎረቤት አዋሳኝ።
«ሟች የሞተበት ቀን» ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እኔም ደነገጥኩኝ።

እኔ ብሆን አልፋታለሁ። ቅጹ «ሟች» ካለ ሟች ነው ሰውየው፤
በዚህች ጣቴ ስንቱን በሕይወት ያለ እንደገደልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።
ወኪሉ ግን፦ «መሞቱን አልነገረችኝም። ልጠይቃት ወይስ ልተወው?»
ማዶ ያለው፦ «ይህን ቦታ ባዶውን አልቀበለው።»
አንዱ አልዋሽም ብሎ፣ አንዱ አልቀበልም ብሎ፣
ሽቦው መሃል ላይ ቀረ የሴትየዋ ጉዳይ ተንጠልጥሎ።

«ሞተ አላልኩም» አለች ዘይቱና። «አለም አላልኩም። አልመጣም ነው ያልኩት።»

ረውዳ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የቅጹን ሆድ ከፍታ
«ሟች» የሚለውን አወጣችው፤ ጻፈች በሱ ፋንታ፦
«ያልተመለሰ»። «ከመቼ ጀምሮ»። ነካችው።
አራት ሰከንድ። ወረቀቱ ወጣ፤ «ጸ» እንኳ አንዷ አልጎደለችው።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አነበበ። በዚያች ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።
ማኅተሙን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ፤ ዝምታው ገዘፈ።
«እንዲህ ያለ ቃል አይቼ አላውቅም» አለ። «ማክሰኞ ተመለሱ።»
ዘይቱና ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።
«ለእኛ ነው» አለችው፣ «ወይስ ለእሱ?»